ራሴን የተቃወምኩበት ችሎት

ሰው ጉረኛ መሆኑን የሚያውቀው ጉራው ራሱ ላይ ሲወድቅበት ነው። የእኔ የወደቀብኝ በሰማንያዎቹ መጨረሻ አንድ ወረዳ ፍርድ ቤት ውስጥ፣ ዳኛ፣ ፖሊስና ሁለት ባሎቼ በተሰበሰቡበት ነው። "ሁለት ባሎቼ" ስላልኩ አትደንግጡ፤ አንዱ የቀድሞ ነው። ቀስ ብዬ ላስረዳችሁ።

ታይፒስት ነበርኩ። ኦሎምፒያ አጠገብ፣ መስኮቱ ወደ ዋናው መንገድ በሚያይ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት የአማርኛ ታይፕ ቀጥቅጫለሁ። አለቃዬ ደብዳቤ ሲፈርሙ አያነቡም ነበር። "አንቺ ከጻፍሽው ምን አነባለሁ?" ይሉኛል። ይህችን ቃል ከደመወዜ አስበልጬ እወዳት ነበር። ቤት ገብቼ ለባሌ እደግማታለሁ፣ ሱቅ ስሄድ ለባለሱቋ እደግማታለሁ፣ ሰሚ ካጣሁ ለራሴ እደግማታለሁ። ባሌ ደርበውም ተለማምዶ የአስቤዛ ዝርዝር ስጽፍለት እንኳ ሳያይ አጣጥፎ ኪሱ ይከተዋል። "አንቺ አትሳሳቺም" ይላል። በዚህ ምክንያት ሽንኩርት ረስቶ ሲመጣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ተጣርቶ አያውቅም።

ደርበው ሁለተኛው ባሌ ነው። ከመገናኛ አለፍ ብሎ ካለ ጋራዥ የሚሠራ መካኒክ ሲሆን ቁመቱ የበሩን መቃን ይነካል፣ በቀን የሚናገረው ቃል ግን ተቆጥሮ ሃያ አይሞላም። የመጀመሪያው ባሌ ታምሩ የአሰብ መስመር የተሳቢ ሾፌር ነው። ታምሩ ተሳቢውን ይወድ ነበር፣ እኔንም ይወደኝ ነበር፤ ችግሩ ሁለታችንም አንድ ከተማ ውስጥ ተገኝተን አለማወቃችን ነው። ልጃችን ማርታ ሁለት ዓመት ሲሞላት ተለያየን። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ብርቱካን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ ብቅ ይል ነበር። ቆይቶ ብርቱካኑም እሱም ቀሩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ወሬው ጠፋ።

ደርበውን ሳገባ ማርታ ስድስት ዓመቷ ነበር። የመጀመሪያውን ወር "ሰውየው" ነበር የምትለው። "ሰውየው መጣ።" "ሰውየው ወጡን ጨረሰው።" በሁለተኛው ወር "ጋሼ" ሆነ። ጋሼ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ያደርሳታል፤ ማታ እጁን በናፍጣ፣ ቀጥሎም በኦሞ ካልታጠበ ደብተሯን አይነካም። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን፤ ሦስተኛ ክፍል ደረሰች።

ጉዳዩ የተጀመረው በመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ማግስት፣ የትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር ያስጠሩኝ ቀን ነው። ቢሯቸው ስገባ ከሰላምታ በፊት፣

"መንታ ልጆች አሉዎት እንዴ?" አሉኝ።

"የለኝም።"

"እንግዲያው ይህን ያስረዱኝ" ብለው የክፍሉን ዝርዝር አዞሩልኝ። "ማርታ ታምሩ የምትባል ተማሪ በመስከረም ተመዝግባለች፤ አንድም ፈተና አልተፈተነችም። ማርታ ደርበው የምትባል ተማሪ ደግሞ ጭራሽ አልተመዘገበችም፤ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታለች። አንደኛዋን በቀሪ ልናባርራት፣ ሌላዋን ልንሸልማት ነው።"

ማርታ ተጠራች። ቀሚሷን እየጠመዘዘች መጣች።

"አዲሷ መምህር ስማችሁን እስከ አባት ጻፉ አሉ" አለች። "ምሳ ዕቃዬን ረስቼ ጋሼ ሊያቀብለኝ መጥቶ ነበር። በመስኮት እያየኝ ነው። እያየኝ የሌላ ሰው ስም ልጽፍ?"

ዳይሬክተሯ እኔን አዩኝ፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ። "ሁለት መንገድ አለ" አሉ ዳይሬክተሯ። "ወይ ልጅቷ ወደ ድሮ ስሟ ትመለስ፣ ዛሬውኑ ላስተካክለው። ወይ የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጡልኝ።" ማርታ የመጀመሪያውን መንገድ ስትሰማ ያለቀሰችው ለቅሶ ከጎን ያለውን ክፍል ትምህርት አስቆመ። ስለዚህ ሁለተኛውን መረጥን።

ማታ ለደርበው ነገርኩት። እጁን ታጥቦ ጨርሶ ነበር፤ ሰምቶኝ እንደገና መታጠብ ጀመረ።

"ደርበው ለሴት ልጅ የሚሆን ስም አይደለም" አለ በመጨረሻ። "ከበድ ይላል።"

"እሷ ከበደኝ አላለችም።"

ፎጣውን አንስቶ ፊቱን መጥረግ ጀመረ። ብዙ ጠረገ። የታጠበው ግን እጁን ነበር። "አባቷ ይጠየቅ" አለ ከፎጣው ውስጥ። "ሰው በሌለበት ስሙ አይነሳም።"

ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት ቀበሌ አለ። የማርታን ማንነት፣ የእኔንና የደርበውን ጋብቻ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ያስፈልገናል። የቀበሌው ጸሐፊ የቤተሰብ ቅጻችንን አውጥቶ አቧራውን እፍ ብሎ አነበበና ቅንድቡን ከፍ አደረገ። ቤቱ ከድሮ ጀምሮ በእኔ ስም ነው፤ ደርበው ሲያገባኝ እኔ ቤት ገባ። እና እዚያ ቅጽ ላይ ምን ተብሎ እንደተመዘገበ እስከዚያች ቀን አላወቅንም።

"አቶ ደርበው እዚህ የተመዘገቡት በጥገኝነት ነው" አለ።

"ባሌ ነው!"

"ባል መሆናቸውን አልካድኩም። ግን ጥገኛ ናቸው። ጥገኛ ደግሞ ለራሱ በሰው ሥር ሆኖ እንዴት ለሌላ ስም ያወርሳል?"

ደርበው ከጀርባዬ ቆሞ ነበር። ዞር ብዬ ሳየው የበሩን መቃን ጎንበስ ብሎ እያለፈ ሊወጣ ነው። እጁን ይዤ መለስኩት። የጸሐፊው ምክር፣ መጀመሪያ ደርበው አባወራ ተደርጎ ይመዝገብ የሚል ነው። ለዚህ ኮሚቴው መሰብሰብ አለበት። ኮሚቴው እንዲሰበሰብ ሊቀመንበሩ መገኘት አለባቸው። ሊቀመንበሩ ሌላ ስብሰባ ላይ ናቸው። ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ፤ በሦስተኛው ሳምንት ደርበው አባወራ፣ እኔ በእሱ ቦታ ጥገኛ ሆነን ማኅተም ተመታልን። ሥልጣን በሰላም ተሸጋገረ። በዚህ ጉዳይ መጀመሪያ ሹመቷን ያጣች እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬም ያስተካከለልኝ የለም።

ምስክር ለማግኘት አልተቸገርንም። የሰፈራችን ባለሱቅ እትዬ ዘይነባ አሉ። ከወሎ ከመጡ ሠላሳ ዓመታቸው ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ ማን ስንት ሰዓት እንደገባ ከግድግዳ ሰዓት በተሻለ ያውቃሉ። "ወላሂ እመሰክራለሁ!" አሉ ገና ሳልጨርስ። "ያቺን ልጅ ዝናብ ሲሆን በጫንቃው ተሸክሞ ሲሻገር በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ምን ይጠይቁኛል? ከየት ልጀምር?" ሦስት ምስክር ነበር የተፈለገው። እትዬ ዘይነባ ብቻቸውን ሦስት ይሆኑ ነበር፤ ሕጉ ግን ራስ ይቆጥራል እንጂ አንደበት አይቆጥርምና ሁለት ጎረቤት ጨመርን።

አሁን ወደ ውርደቴ ደረስን።

ፍርድ ቤቱ ደጅ ላይ ራፖር ጸሐፊዎች ታይፓቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ጃንጥላ ተክለው ይቀመጣሉ። አንደኛው፣ ጥርሳቸው ያለቀ ደግ ሽማግሌ፣ "ልጻፍልሽ ልጄ?" ቢሉኝ እንዴት አድርጌ እንዳየኋቸው አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ለእኔ? የአሥራ ሁለት ዓመት ታይፒስት? "እኔ ራሴ ጸሐፊ ነኝ አባቴ" አልኳቸው። "እሱስ ይሁን" አሉ፣ "ግን የራስን ጉዳይ ራስ አይጽፍም።" የሽማግሌ ቂም መስሎኝ አለፍኩ።

ማመልከቻውን ቤት በእጄ አረቀቅሁ። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ቢሮ ቁጭ ብዬ በአራት ካርቦን መታሁት። ጥሩ ስሄድ ቆይቼ፣ "የልጅቷ አባት አቶ ታምሩ ያሉበት ስለማይታወቅ" የሚለው ቦታ ስደርስ ጣቴ ቆመ። አምስት ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው ነው። ጥርሱን ሲፍቅ የሚያንጎራጉረውን ዜማ አውቃለሁ። አሁን እንደ ጠፋ በሬ "ያሉበት የማይታወቅ" ብዬ በአምስት ቅጂ እጽፈዋለሁ። ዓይኔ ሞላ። በዚያ ላይ አለቃዬ ሁለት ጊዜ ጠሩኝ። ሄጄ መጣሁ፣ ሄጄ መጣሁ፣ ጨረስኩ፣ ፈረምኩ። አላነበብኩትም። እኔ ከጻፍኩት ምን አነባለሁ?

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ "እንዲህ ያለ ንጹሕ ማመልከቻ አይቼ አላውቅም" ብሎ አመሰገነኝ፤ ኮራሁ። ዳኛው፣ አባትየው ስላልተገኘ በጋዜጣ ማስታወቂያ እንዲወጣ፣ ተቃዋሚ ካለ በቀጠሮው ቀን እንዲቀርብ አዘዙ። ማስታወቂያው ከማመልከቻዬ ቃል በቃል ተገልብጦ ወጣ። ጋዜጣውን ገዝቼ "ሕፃን ማርታ" የሚለውን አየሁ፤ በቃኝ። ቆርጬ አልበም ውስጥ አስቀመጥኩት።

ቀጠሯችን ማክሰኞ ነበር። ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ደርበውና ማርታ ጫማ ሊያሠሩ ወጥተው እኔ ልብስ እያጠብኩ ሳለ፣ ደጃችን ላይ ውይይት ታክሲ ቆመ። ከውስጡ መጀመሪያ ፍየል ወረደች። ቀጥሎ ተሳፋሪዎቹ እየተሳደቡ ወረዱ። በመጨረሻ ታምሩ ወረደ።

ከስቷል፤ ፀሐይ አጥቁሮታል። ፍየሏን በገመድ እየጎተተ ገባና ሳልናገር ግቢው መካከል እግሬ ላይ ወደቀ።

"ይቅር በይኝ" አለ። "ይህን ያህል ደግ ሰዎች መሆናችሁን አላወቅሁም።"

እትዬ ዘይነባ ከሱቃቸው ወጥተው አጥራችን ላይ ደርሰዋል። "ተነስ እንጂ፣ ምን ሆነህ ነው?" አሉ በእኔ ፈንታ። ታምሩ ከደረት ኪሱ ዘይት የጠጣ የጋዜጣ ቁራጭ አወጣ። አዋሽ ላይ ለውዝ የጠቀለሉለት ወረቀት ነው። ለውዙን ሊጨርስ ሲል የራሱን ስም አየ።

"አሥር ጊዜ አነበብኩት" አለ። "ለሆቴሉ ባለቤት ሰጥቼ አስነበብኩት፣ ዓይኔ እንዳይሆን ብዬ። ተመልከቺ!"

ተቀብዬ አነበብኩ። ገና ያኔ አነበብኩት። "አመልካች ልጃቸው ሕፃን ማርታ ደርበው ከእንግዲህ ማርታ ታምሩ ተብላ እንድትጠራ ስለጠየቁ..." ይላል። ገልብጬዋለሁ! ሁለቱን ስም አቀያይሬያቸዋለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሳልሳሳት ቆይቼ የአሥራ ሁለቱን ዓመት በአንድ መስመር ከፈልኩት።

"በሌላ ስም ስትጠራ ኖራ" አለ ታምሩ፣ ዓይኑ እየራሰ፣ "አሁን በሕግ ወደ እኔ ስም ልትመልሷት? እኔ እንዲያ ትቻት ሄጄ? እንዲህ ያለ ደግነት ሰምቼ አላውቅም።"

ልንገረው ብዬ አፌን ከፈትኩ። በሩ ተከፈተና ደርበውና ማርታ ገቡ።

ታምሩ ተንደርድሮ ደርበውን አቀፈው። ጭንቅላቱ የደርበው ደረት ላይ ቀረ። "ወንድሜ፣ አንተም ፈቅደህ ነው? ሰው ነህ አንተ!" እያለ ወረቀቱን በእጁ አስያዘው። ደርበው አነበበ። ቀስ ብሎ አጠፈና መለሰለት። "እንኳን ደህና መጣህ" አለ፤ ፍየሏን ይዞ ሊያስራት ወደ ጓሮ ሄደ።

ፍየል ማሰር ያን ያህል አይፈጅም። ተከትዬው ሄድኩ። ገመዱን ይፈታል፣ መልሶ ያስራል።

"ስህተት ነው" አልኩት።

"ሐሳብሽን ከቀየርሽ ብትነግሪኝ ጥሩ ነበር" አለ። "እኔ አልለመንኩም።"

"ስህተት ነው እኮ ነው የምልህ! አገላብጬ ጻፍኩት።"

"አንቺ አትሳሳቺም" አለ። በምፀት አልነበረም። የምር ነው ያመነው። አንድ ሰው በምድር ላይ ጉራዬን ሙሉ በሙሉ ያመነልኝ ቢኖር እሱ ነበር፤ እኔም ያን ዕለት ያ እምነት አንቆ ሊገድለኝ ደረሰ።

በዚህ መካከል ከቤት ውስጥ የማርታ ድምፅ ተሰማ። ታምሩ አስቀምጧት፣ "የእኔን ስም ስለፈለግሽ..." ብሎ ሲጀምር አላስጨረሰችውም።

"እኔ? እኔ እኮ ደርበው ነው ያልኩት።"

ፍየሏ ከጓሮ "ሜ" አለች። እትዬ ዘይነባ አጥሩ ላይ "ያረቢ!" ብለው አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ። እኔና ደርበው ገባን። ታምሩ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁራጩን ጋዜጣ ይዞ ተቀምጧል። ሁሉንም ነገርኩት፤ ከትምህርት ቤቱ ዝርዝር እስከ ታይፑ፤ ምንም አላስቀረሁም። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ መሳቁን ተወ።

"ስንተኛ ክፍል ነሽ?" አላት ማርታን፣ ለማለት ያህል። "ሁለተኛ?"

"ሦስተኛ ናት" አለ ደርበው።

"ጥርስሽ ወልቋል።"

"የላይኛዋ በጥምቀት ማግስት፣ የታችኛዋ ባለፈው ረቡዕ" አለ ደርበው። ይህን ያለው ለመብለጥ አይደለም። ተጠይቆ የሚያውቀውን የመለሰ ነው የመሰለው።

ታምሩ ወደ ደርበው ዞረ። "ምን ብላ ነው የምትጠራህ?"

"ጋሼ።"

"አባዬ አይደለም?" አለ፤ ፊቱ ላይ ትንሽ ብርሃን ብልጭ ብሎ ሲጠፋ አይቻለሁ። ከዚያ ተነሳ። "ማክሰኞ እመጣለሁ" አለ። "ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ ነው የሚለው አይደል?" ፍየሏን ትቶልን ሄደ።

"ፍየሏን መተዉ ደህና ምልክት ነው" አሉ እትዬ ዘይነባ።

"ወይም መያዣ ነው" አለ ደርበው።

እሑድ ወደ ማታ የእጅ ቦርሳዬን ስበረብር በእጄ ያረቀቅሁትን ወረቀት አገኘሁ። ስሞቹ በልካቸው፣ በቦታቸው ነበሩ። ደርበው ፊት ዘረጋሁለት። በሦስት ዓመት ውስጥ የጻፍኩትን ነገር ሲያነብ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ጣቱን በየመስመሩ እያስኬደ ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ታዲያ ትሳሳቻለሽ ማለት ነው" አለ።

"እሳሳታለሁ።"

"ሽንኩርቱም?"

"ሽንኩርቱንም አንዳንዴ ሳልጽፈው ቀርቼ ይሆናል።"

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ሰው ሚስቱ ስለምትሳሳት ይህን ያህል ሲደሰት አይታችሁ አታውቁም። በማግስቱ እኔ ማመልከቻውን ላርም መዝገብ ቤት ብሮጥ "መዝገቡ ዳኛው ጋ ገብቷል፣ ነገ በቃል ይናገሩ" ተባልኩ። ቤት ስመለስ ማርታ ፍየሏን "ዳማ" ብላ ስም አውጥታላታለች። ጾም ስለነበር ለፋሲካ ነበር ያሰብናት፤ ስም የወጣለት ነገር ግን አይታረድምና እሷም በዚያው ተረፈች።

ማክሰኞ ችሎቱ ሞልቶ ነበር። የእትዬ ዘይነባን ነጭ ሻሽ ጨምሮ ሰፈሩ ግማሹ መጥቷል። ታምሩን ግን ዙሪያውን ብፈልግ አላየሁትም። ዳኛው ሸምገል ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። መዝገቡን ገልጠው የእኔን ንጹሕ ማመልከቻ አነበቡ። "ማርታ ደርበው ማርታ ታምሩ እንድትባል... ተቃዋሚ አለ?"

እጄን አነሳሁ።

"እርስዎ ማን ነዎት?"

"አመልካች ነኝ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።"

"አመልካችን አልጠራሁም። ተቃዋሚ ነው ያልኩት።"

"ተቃዋሚም እኔ ነኝ።"

የችሎቱ ጸሐፊ ብዕሩን አስቀመጠ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "የራስዎን ማመልከቻ ነው የሚቃወሙት?"

"ተሳስቶ ስለተጻፈ ነው።"

"ማን ጻፈልዎ? እነዚህ ደጅ የሚቀመጡት ናቸው?"

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለአንድ አፍታ "አዎ" ልል ዳዳኝ። ያ ጥርሳቸው ያለቀ ሽማግሌ ፊቴ ላይ መጡብኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ሥራዎ ምንድን ነው?"

ጫማዬን አየሁ። እትዬ ዘይነባ ከኋላ፣ ሊረዱኝ ብለው፣ "ታይፒስት ናት ጌታዬ! አሥራ ሁለት ዓመት! ተሳስታ አታውቅም!" አሉ። ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። ፖሊሱ ሳይቀር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ዳኛው ጠረጴዛቸውን ቢመቱም የራሳቸው ከንፈር አልታዘዝ ብሏቸው ነበር።

እውነተኛውን ጥያቄ በቃሌ አስረዳሁ። ዳኛው መዝገቡን እያገላበጡ፣ "የልጅቷ አባት ያሉበት አይታወቅም ይላል" አሉ።

"አለሁ" አለ አንድ ድምፅ ከበሩ።

ታምሩ ነው። የሰው ኮት ለብሷል፣ እጅጌው ጣቱን ይሸፍናል። ክራቫት አስሯል፤ ታምሩን በሠርጋችን ቀን እንኳ በክራቫት አላየሁትም። ደርበው ከጎኔ የማርታን እጅ ይዞ ነበር፤ ለቀቃት። ልጅቷ ግን መልሳ ያዘችው።

"ይቃወማሉ?" አሉት ዳኛው።

ታምሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ ልቃወም ነበር። ክራቫቱንም የተዋስኩት ለዚያ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ የምናገረውን ሳጠና ሰነበትኩ። ቅዳሜ ልጄን ስንተኛ ክፍል ነሽ ብላት ይሄ ሰውዬ መለሰልኝ። ጥርሷ መቼ እንደወለቀ ነገረኝ፣ ከነቀኑ። እኔ ከአሰብ እስከ አዲስ አበባ ያለውን ጉድጓድ አንድ በአንድ በቃሌ አውቃለሁ። የልጄን ጥርስ አላውቅም።" ክራቫቱን ላላ አደረገ። "አልቃወምም።"

ችሎቱ ውስጥ የሚስቅ ጠፋ። ዳኛው ማርታን ወደፊት ጠሯት። "አንቺስ ልጄ፣ ማን ተብለሽ መጠራት ትፈልጊያለሽ?"

ማርታ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። "ሁለቱንም አይቻልም?"

የችሎቱ ጸሐፊ፣ ሩኅሩኅ ሰው፣ ቶሎ ብሎ፣ "ክቡር ዳኛ፣ ማርታ ደርበው ታምሩ ብንላትስ?" አለ። ሁላችንም ደስ አለን። የጎረቤት ምስክሮቻችን ራሳቸውን ነቀነቁ። ዳኛው ግን አሰብ አድርገው፣

"እንዲያ ከሆነማ አቶ ታምሩ የአቶ ደርበው አባት ሊሆኑ ነው" አሉ።

"እኔ በሦስት ዓመት እበልጠዋለሁ" አለ ደርበው። በችሎቱ የተናገረው ይህንኑ ብቻ ነው። እትዬ ዘይነባ "የድሮ ባሏ አማቷ ሊሆን ነው!" ሲሉ ዳኛው ጠረጴዛውን ለሁለተኛ ጊዜ መቱ፤ በዚህኛው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ምስክሮች ተሰሙ። የእትዬ ዘይነባ ቃል ብቻ ከሌሎቹ ሁለት ገጽ በለጠ። ከዚያ ዳኛው ማርታን ጎንበስ ብለው፣ "አንዱን መምረጥ ነው ልጄ" አሏት። በጣም ቀስ ብላ፣ ታምሩን እያየች፣ "ደርበው" አለች። ታምሩ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀላት፤ ያን ጊዜ ነው ትከሻዋ የወረደው። ውሳኔው ተጻፈ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ አንድ ወረቀት አራት ጊዜ አነበብኩ፤ ጸሐፊው እስኪቆጣኝ ድረስ።

ደጅ ስንወጣ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ደርበውና ታምሩ እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፤ ሁለቱም መልቀቂያውን የማያውቁት ዓይነት መጨባበጥ ነበር። ታምሩ መኪናው ናዝሬት ቆማ ትጠብቀዋለች። ማርታ ፊት ቁጢጥ አለ፤ የተዋሰው ኮት መሬት ነካ።

"ደብዳቤ ብጽፍልሽ ታነቢያለሽ?"

"ማንበብማ እችላለሁ።"

"በትምህርት ቤትሽ አድራሻ እልካለሁ።" ትንሽ አመነታ። "ፖስታው ላይ... ምን ብዬ ልጻፍ?"

ማርታ እንደ ቂል አየችው። "ማርታ ደርበው ብለህ ነዋ! ካለዚያ አይደርሰኝም።"

ታምሩ ከኮቱ ኪስ እስኪርቢቶ አወጣ። ወረቀት አልነበረውም። መዳፉ ላይ ጻፈው፤ እንዳይጠፋ ይመስል እጁን ጨብጦ ወደ መኪና መሳፈሪያው ሄደ። እስኪታጠፍ ድረስ ቆመን አየነው።

ከልቤ ልንገራችሁ፣ ደብዳቤ ይጽፋል ብዬ አልጠበቅሁም። ከፋሲካ በኋላ ግን መጣ። ማርታ ከትምህርት ቤት እየሮጠች አመጣችው። ውስጡ አራት መስመር ብቻ ነበር፤ አሰብ እንደሚሞቅ፣ የወለቁት ጥርሶቿ በቅለው እንደሆነ፣ እንድትጽፍለት። ፖስታው ላይ ግን፣ እጁ መጻፍ ያልለመደ ሰው ተጠንቅቆ በሚጽፈው ትልልቅ ፊደል፣ አንድም ሳይሳሳት እንዲህ ብሎ ነበር፦

"ለልጄ ለማርታ ደርበው።"